ማኅተም ያለው ሰላምታ

በሽር ቴሌቪዥን ገዝቶ ሱቁ ውስጥ ካስቀመጠ ወዲህ፣ ደብረ ብርሃን ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ "ጨው ልገዛ" እያለ ይመጣል፤ ጨው የሚገዛ ግን የለም። የቴሌቪዥኑ ሽቦ ጣራው ላይ በባሕር ዛፍ ተሰቅሏል፤ ነፋስ በነካው ቁጥር ቴሌቪዥኑ ውስጥ የሚታዩት ሰዎች ፊት እንደሚቆላ ገብስ ይንጣጣል።

ያን ዕለት አመሻሽ ላይ የታየው ድራማ ባሏ ኮንጎ ዘምቶ ስለቀረ ሴት ነበር። ሴትዮዋ በየቀኑ የባሏን ድርሻ መሶብ ውስጥ አስቀምጣ "መንገድ ላይ ነው" ትላለች።

"ቂል!" ብላ ሳቀች ወይዘሮ አመተ ማርያም። "የኔውም ባል ዘርአ ዳዊት ኮንጎ ነው። እኔ ግን ደብዳቤ አለኝ!"

ልጇ ይመኙሻል አጠገቧ ተቀምጣ ጥፍሯን ትበላለች። ስድስተኛ ክፍል ናት፤ ከቤቱ ፊደል የቆጠረች እሷ ብቻ። አምና ከአባቷ ጦር ክፍል ማኅተም ያለበት ወረቀት ሲመጣ "በታላቅ ኀዘን" የሚለውን አየች፤ ቀና ብላ የእናቷን ፊት አየች፤ ከዚያ "ደህና ነኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ ይላል" አለች። ይሄው ከዚያ ወዲህ "ባሌ ሊመጣ ነው" እያሉ ገበያ መዞር የአመተ ማርያም ሥራ ሆነ።

"ማኅተም የተመታበት ናፍቆት የት አገር ነው ያለው?" አለች ከኋላ የይመኙሻል የአባቷ እህት ይርጋለም። "ወንድሜ ሞቷል! አንቺ ተዝካሩን ላለማውጣት ነው።"

"አፍሽ ይቆረጥ፣ ሟርተኛ!"

"ኧረ ለአላህ ብላችሁ፣ እንስማበት!" አለ በሽር።

ድራማው ውስጥ ጎሕ ሲቀድ በር ተንኳኳ። ዘመድ ጎረቤት ገባ፤ ሁሉም ነጠላውን ዘቅዝቆ፣ ጥለቱን ወደ አንገቱ አድርጓል። መርዶ መሆኑን ለማወቅ ቃል አያስፈልግም። ሱቁ ውስጥ ያሉት ሴቶች ደረታቸውን ሊመቱ ምንም አልቀራቸውም። ይርጋለም ግን ቴሌቪዥኑን ትታ አመተ ማርያም ላይ አፈጠጠች።

አመተ ማርያም ወረቀቱን ከጉያዋ መዥረጥ አደረገችው። "በሽር፣ አንተ ታነባለህ። ጮክ ብለህ አንብብና የዚችን አፍ ዝጋልኝ!"

ይመኙሻል ወረቀቱን ከበሽር እጅ ነጠቀችው።

"አይነበብም!"

"ለምን?" አለች እናቷ።

 ይመኙሻል ነጠላዋን ከራሷ አውርዳ ዘቀዘቀችው።

ይርጋለም "ወንድሜን!" ብላ መሬት ላይ ወደቀች። አመተ ማርያም አላለቀሰችም። ልጇን ከእግር እስከ ራሷ አየቻት።

"ዓመት ሙሉ እኔ ስስቅ፣ አንቺ ቁጭ ብለሽ ታዪኝ ነበር?"