ብቸኛው መቀስ

መቀሱን የክሊኒኩ የጤና ረዳት፣ ድሬሰሩ ጣሰው፣ ጠዋት ራሱ ቀቅሎት ነበር። ክሊኒኩ ውስጥ ሌላ መቀስ የለም። አሁን ግን የአውራጃው ተጠሪ ላብ ባራሰው እጁ ይዞት፣ ቀዩ ሪባን ፊት ቆሞ ንግግር ያደርጋል። አውራጃው ራሱን በራሱ እንዲያለማ የተመደበለት በጀት፣ ከአልዩ አምባ ቁልቁል ላለው ለዚህ ቆላ መንደር ሙሉ ክሊኒክ እንደሠራለት ይናገራል።

ጣሰው ግን እውነቱን ያውቃል። በጀቱ የሚሊሻ አዲስ የደንብ ልብስና አዲስ ጠመንጃ ሆኖ በሩ ላይ ተሰልፎ ቆሟል። ውስጥ የተደረደሩት ጠርሙሶች ቀለም ጠብ የተደረገበት ውኃ ናቸው። አልጋው እንኳ ከነጋዴው ከፈረጅ ቤት በውሰት የመጣ ነው። ከሁሉም ይበልጥ ያስጠላው ግን ትናንት «ዕቃውን በሙሉ ተረክቤያለሁ» የሚለው ወረቀት ላይ ያኖረው የገዛ ፊርማው ነበር።

ሪባኑ ተቆርጦ ሲጨበጨብ ከቁልቁለቱ ቃሬዛ ብቅ አለ። ምጥ የያዛት ነሲባ ነበረች፤ እናቷ አፊፋ ከጎኗ ትሮጣለች። ሁለት ሚሊሻዎች ጠመንጃቸውን አጋድመው መንገዱን ዘጉ።

«እንግዶቹ እስኪሄዱ ጠብቁ፣ እናቴ። ጸጥታ እያስከበርን ነው።»

«ጸጥታውን ያደፈረሰችው እሷ ናት?» አለች አፊፋ። «ከትናንት ጀምሮ እያማጠች ነው። ለአላህ ብላችሁ አሳልፉን።»

 ጣሰው ነሲባ ስትቃትት ሰማ፤ ሄዶ አንዱን ጠመንጃ በእጁ ገፋና ቃሬዛውን አስገባ።

እንግዶቹ ለምረቃው በተጣለው ዳስ ውስጥ የታረደላቸውን ፍየል ሲበሉ፣ ነሲባ በፈረጅ አልጋ ላይ ወንድ ልጅ ወለደች። ጣሰው እትብቱን በክር አሰረና እጁን ወደ መቀሱ ሳህን ሰደደ። ሳህኑ ባዶ ነው። አፊፋ ሕፃኑን እንድትይዝለት ነግሯት ወጣ።

ተጠሪው ጮማ ያወዛውን ከንፈሩን እየጠረገ መኪናው ውስጥ ሊገባ ነበር። የመቀሱ እጀታ ከኮቱ ኪስ ብቅ ብሏል።

«ጓድ፣ መቀሱን ይስጡኝ። እትብት ልቆርጥበት ነው።»

«ይሄ የምረቃው መታሰቢያ ነው» አለ ተጠሪው፣ ኪሱን መታ መታ እያደረገ። «ከመጋዘን ሌላ አውጣ። በሙሉ ተረክቤያለሁ ብለህ ፈርመህ የለም እንዴ?»

ዳሱ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ዞሮ አየው። 

«ፈርሜያለሁ» አለ ጣሰው፣ ሁሉም እንዲሰማው ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ዋሽቼ ነው የፈረምኩት። ክሊኒኩ ባዶ ነው።»

ተጠሪው ወደ ሚሊሻዎቹ ተመለከተ። ቃሬዛውን ካገዱት አንዱ ሚሊሻ መሬት መሬቱን ያያል። ከውስጥ የሕፃኑ ለቅሶ ይሰማል። ጣሰው መቀሱን ለመቀበል ደም የነካውን እጁን ወደ ተጠሪው ዘርግቶ እዚያው እንደቆመ ነው።