የጋሽ ቶሌሳ ፍላሽ

ከታች የብየዳው ማሽን እንደገና ሲጮህ ማዕዶት ሁለቱንም እጆቿን ከኪቦርዱ ላይ አነሳች። የሳሎኑ አምፖል ደብዘዝ አለ፤ የላፕቶፑ ስክሪን አንዴ ተርገበገበና ተመለሰ። ጠበቀች። አልጠፋም።

የላፕቶፑ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል፤ የሚሠራው ሶኬት ላይ እስከተሰካ ድረስ ብቻ ነው። በቅርቡ ደግሞ ሀርድ ዲስኩ ተበላሸ። ያኔ ነው ታናሽ ወንድሟ ናኦል አንድ ፍላሽ ላይ ሊኑክስ የሚባል ቀለል ያለ ሲስተም ጭኖ ላፕቶፑን ከፍላሹ ያስነሳላት። ሲስተሙ ትንሽ ስለሆነ እንዳለ ሜሞሪው ውስጥ ይገባል፤ ከተነሳ በኋላ ፍላሹ ቢነቀልም ግድ የለውም። የእሷ አሮጌ ላፕቶፕ እንደዚያ ሲፈጥን አይታው አታውቅም። ናኦል ግን አንድ ነገር ደጋግሞ ነግሯታል፤ የምትጽፈው ሁሉ ያለው ሜሞሪው ላይ ነው፣ ፍላሽ ላይ ካላስቀመጠችው መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል።

ፍላሹ ደግሞ አሁን እጇ ላይ የለም። ናኦል ጠዋት እንጦጦ ያለ የአንድ ትምህርት ቤት አሮጌ ኮምፒውተሮች ሊያስነሳበት ሲለምናት፣ የእኔ እንደሆነ ተነስቷል ብላ ነቅላ የሰጠችው ራሷ ናት። ከስድስት ሰዓት በፊት እንደሚመለስ ነግሯት ነበር። አሁን ስትደውልለት ታክሲ አጥቶ ገና እዚያው ቆሟል።

ስድስት ሰዓት ሥራዋን የምታስረክብበት የመጨረሻ ሰዓት ናት። ታስተምርበት የነበረው መዋለ ሕፃናት ከተዘጋ ወዲህ መልስ የሰጣት አንድ የትርጉም ድርጅት ብቻ ነው፤ እሱም ፈተና ላከላት፣ ለወላዶች የተዘጋጀ የጨቅላ ሕፃን እንክብካቤ መመሪያ። ከንጋት ጀምራ ስትተረጉም ቆይታ አሁን ጨርሳለች። ትርጉሙ ያለው ግን እዚያው ሜሞሪ ላይ ነው። ሲስተሙ ዋይፋዩን አያውቀውም፤ ስልኳን በገመድ ብታገናኘውም ዝም አለ። ጎረቤቷን ወይዘሮ ኩልሱምን ጠየቀች፤ ፍላሽ የላቸውም።

አምፖሉ እንደገና ሲደበዝዝ በሩን እንኳ ሳትዘጋ ደረጃውን በሩጫ ወረደች።

የመሪ ሰፈር ኮንዶሚኒየም ምድር ቤት ላይ ያለው ብረታ ብረት ቤት በሙዚቃ ይናወጣል። በያጁ ጋሽ ቶሌሳ ትልቅ የግቢ በር ላይ አጎንብሰዋል። የበሩ ባለቤት አቶ ገረሱ በራፉ ላይ ካቆመው አይሱዙ ተደግፎ ሰዓቱን ያያል።

"ጋሽ ቶሌሳ፣ እባክዎ ትንሽ ያቁሙልኝ። መብራቱ ከጠፋ የጠዋት ሥራዬ በሙሉ ይሄዳል።"

ጋሽ ቶሌሳ መከላከያውን ከፊታቸው ገፋ አድርገው አይዋት። ቀድሞ የመለሰው ግን አቶ ገረሱ ነው። "ቲቸር፣ አያት ሰፈር ያለው ቤቴ በር የለውም። ሌሊቱን ሲሚንቶ ስጠብቅ ነው ያደርኩት። ዛሬም እኔው ዘበኛ ልሁን?"

እሱም እውነቱን ነው። ጋሽ ቶሌሳ ኮምፒውተር ላይ የተጻፈ ነገር ማስቀመጥ ምን ያስቸግራል አሉ። የምታስቀምጥበት ፍላሽ እንደሌላት እየነገረቻቸው ሳለ ዓይኗ መደርደሪያው ላይ ካለው ስፒከር ላይ አረፈ። ሙዚቃው የሚወጣው ጎኑ ላይ ከተሰካ ፍላሽ ነው፤ ሰማያዊ መብራቱ ብልጭ ብልጭ ይላል።

"እሱን ያውሱኝ።"

"ሙዚቃዬን?"

"ስጧት ባክዎ፣ የእኔም ጆሮ ይረፍ" አለ አቶ ገረሱ።

ጋሽ ቶሌሳ ቅር እያላቸው ነቀሉት። "ጠርዙን በሞረድ እስካስተካክል ነው፣ ቲቸር። ከዚያ ወዲያ ብጠብቅሽ ይሄ ሰውዬ ይበላኛል።"

ስትመለስ ስክሪኑ እንደበራ አገኘችው። ፍላሹን ሰካች፤ ሲስተሙ ወዲያው አወቀው። ልትገለብጥ ስትል ግን ቦታ የለም አላት። ከአፍ እስከ ገደፉ በዘፈን ሞልቷል፤ ዘፈኖቹ ደግሞ ስም የላቸውም፣ ቁጥር ብቻ። በረንዳ ላይ ወጣች።

"ጋሽ ቶሌሳ፣ ሞልቷል። አንድ ዘፈን ላጥፋ?"

የሞረዱ ድምፅ ቆመ። "የትኛውን?"

"ስም የላቸውም። ቁጥር ብቻ ነው።"

"የመጀመሪያዋን እንዳትነኪ። ከመጨረሻ አጥፊ።"

የመጨረሻዋን አጥፍታ ፋይሉን ገለበጠች። መገልበጡን የሚያሳየው መስኮት ሲዘጋ እጇን ወደ ፍላሹ ሰደደች፤ ስልኳ ጮኸ። ናኦል ነው። ፍላሽ አግኝታ እየገለበጠች መሆኗን ነገረችው።

"ማዕዲ፣ እንዳትነቅይው። አስወጣ የሚለውን ተጫኚና ጨረስኩ እስኪልሽ ጠብቂ። ተገልብጧል ቢልሽም ውስጥ ውስጡን ገና እየጻፈ ይሆናል።"

ተጫነች። የፍላሹ መብራት እየተንቀጠቀጠ ነው። ከታች ሞረዱ ዝም ካለ ቆይቷል፤ የአቶ ገረሱ ድምፅ ተሰማ፣ ቀጥሎም የማሽኑ ጩኸት። አምፖሉ ደበዘዘ፣ በራ፣ እንደገና ደበዘዘ። ስክሪኑ ጥግ ላይ አንድ አጭር መልእክት ብቅ አለ፤ አንብባ ሳትጨርስ ቤቱ ጨለም አለ። የብሎኩ ብሬከር ወርዶ ነበር። የላፕቶፑ ስክሪን ላይ የራሷን ፊት ብቻ አየች።

ፍላሹን ነቅላ ከመንገዱ ማዶ ወዳለው ፎቶኮፒ ቤት ሮጠች። እዚያ የምትሠራው ልጅ ስትከፍተው የቁጥሮች ሰልፍ ወረደ፤ ከሁሉም በታች በፊደል የተጻፈ አንድ ስም አለ፣ የእሷ ፋይል። ማዕዶት መጀመሪያውን አላየችም፤ በቀጥታ ወደ መጨረሻው ገጽ ወረደች። ሕፃኑን አቅፎ ስለማስተኛት የጻፈችው የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ከነአራት ነጥቡ ቁጭ ብሏል። ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ላከችው፤ ጥቂት ቆይቶ ደርሶናል የሚል መልስ ስልኳ ላይ ገባ።

ስትመለስ ብሬከሩ ተነስቶ፣ በሩም አይሱዙው ላይ ተጭኖ ነበር። ጋሽ ቶሌሳ ፍላሹን ስፒከሩ ላይ ሰኩና ዘፈኖቹን እያለፉ እያለፉ እስከ መጨረሻው ሄዱ። ከዚያ ስፒከሩ ተመልሶ ከመጀመሪያዋ ጀመረ።

"ወይኔ! ለካ ያቺን የምወዳትን ነው ያጠፋሽብኝ" አሉ።

"ፈልጌ አመጣልዎታለሁ፣ ጋሽ ቶሌሳ። ስሟ ማን ነው?"

"ምኑን አውቄ። እንዲህ ነው የምትለው" አሉና ስፒከሩን ዘግተው አንጎራጎሩላት፤ ጥርት ያለ ድምፅ የላቸውም፣ ዜማው ግን ይያዛል። ማዕዶት አንዴ ደግመው እንዲያንጎራጉሩላት ለመነቻቸው። ከዚያ ከማንም ጋር ሳታወራ፣ እንዳይጠፋባት እያንጎራጎረች ደረጃውን ወጣች።