በሾርባ ተራ የሆነው

አስጎብኚዋን ባልደረቦቿ «ካርታ» ይሏታል። የአሮጌውን ከተማ ጠባብ መንገዶች ዓይኗን ጨፍና ታውቃቸዋለች፤ ምላሷማ ጤፍ ይቆላል።

የዚያን ቀን ጠዋት ስድስት ጎብኚዎች ይዛ ወጣች። ከእነሱም መካከል ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህርና ባለቤታቸው ነበሩ። ገና አውቶቡሱ ውስጥ ሳሉ ሴትየዋ ጠጋ ብለው፣ «ልጄ፣ እሱ ኦቾሎኒ ከቀመሰ ጉሮሮው ይዘጋል። አደራሽን» አሏት።

«ኧረ ለእኔ ይተዉት፣ እማማ!»

የሰዓቱን ማማ ወጡ፤ የሸክላ ሠሪዎቹን ግቢ ጎበኙ። እሷ ስትተርክ፣ ጎብኚዎቹም ሲስቁላት፣ አደራው ከልቧ ብን ብሎ ጠፋ። ሾርባ ተራ ሲደርሱ ራሷ ከአንዲት ሾርባ ሻጭ እየተቀበለች ሳህኑን ለየሰዉ አደለች።

«ጣት ያስቆረጥማል!» አሉ መምህሩ፣ ሳህናቸውን አጋምሰው። ቀጥለው አንገታቸውን አከኩ። ከዚያም ከንፈራቸው አበጠ።

አስጎብኚዋ ክው አለች። «እትዬ፣ ሾርባው ውስጥ ምን አለ?»

«ምን ይኖረዋል፣ ድንች፣ ቲማቲም...» አለች ሾርባ ሻጯ፣ «ደግሞ እንዲወፍር ትንሽ የተፈጨ ኦቾሎኒ።»

ሚስትየው የእጅ ቦርሳቸውን ዘረገፉት። «መርፌው! የአለርጂው መርፌ አውቶቡስ ውስጥ ቀርቷል! ቡናማው ሻንጣ ውስጥ ነው!»

«አምቡላንስ ጥሩ!» ብላ አስጎብኚዋ ጮኸችና ሮጠች። አውቶቡሱ የቆመው ከባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ነው። በዋናው መንገድ ሩብ ሰዓት ያስኬዳል፤ በጨርቅ ቀለም ነካሪዎቹ ግቢ ከታለፈ ግን አራት ደቂቃ። የመምህሩ ሲር ሲር የሚል ትንፋሽ ጆሮዋ ውስጥ እየጮኸ ግቢው በር ላይ ደረሰች። በሩ ተቆልፏል። «በእድሳት ምክንያት ተዘግቷል» ይላል ወረቀቱ።

ትመለስ? ጊዜ የለም። በስተግራ የአንድ ልብስ ሰፊ ሱቅ አለ፤ የኋላ በር ይኑረው አይኑረው አታውቅም። ዘላ ገባች።

«አባባ፣ ሰው ሊሞት ነው! በጓሮ መውጫ አለ?»

ሽማግሌው አንድም ቃል ሳይጠይቁ የስፌት መኪናውን በእግራቸው ገፍተው ወደ ጓሮ በሩ መንገድ ለቀቁላት።

ሾፌሩ ሻንጣውን በመስኮት ወረወረላት። ስትመለስ መምህሩ አግዳሚ ወንበር ላይ ተጋድመዋል፤ ከንፈራቸው ጠቁሯል። ሾርባ ሻጯ ጭንቅላታቸውን ደግፋ፣ «አይዞዎት፣ አይዞዎት» ትላለች። አስጎብኚዋ የመምህሩን እግር አጥብቃ ያዘች። ሚስትየው መርፌውን ጭናቸው ላይ ሰኩ።

ምንም የለም። ደግሞ ምንም። ኋላ መምህሩ አንዴ ትንፋሻቸውን በረጅሙ ሳቡ፤ ወዲያው ሳል ተከተለ። ሾርባ ሻጯ እልልታዋን አቀለጠችው።

አምቡላንሱ ባደረሳቸው ክሊኒክ ኮሪደር ላይ ሚስትየው ቁጭ ብድግ ይላሉ። «ያቺ ሾርባ ሻጭ ባሌን ልትገድልብኝ ነበር! እከሳታለሁ፤ ቤቷን አዘጋዋለሁ!»

አስጎብኚዋ ዝም ማለት ትችል ነበር። ማንም አልጠረጠራትም። ጥፋቷን ካመነች ደግሞ ሥራዋን ልታጣ ትችላለች።

«እማማ፣ እሷ ምንም አታውቅም» አለች። «አደራውን የበላሁት እኔ ነኝ። አልነገርኳትም፤ ረሳሁት።»

ሴትየዋ አፍጥጠው አዩዋት። ባላቸው የተኙበት ክፍል ገብተው በሩን ዘጉባት።

ወንበሩ ጫፍ ላይ ኩርምት ብላ ጠበቀች። ከብዙ ቆይታ በኋላ በሩ ተከፈተ።

«ይጠራሻል» አሉ ሚስትየው፣ ፊታቸውን አዙረው። «እኔ ግን ገና አልታረቅኩሽም።»

ቀሚሷን አስተካክላ፣ እየፈራች ገባች።