ሁለቱ ታቢታዎች

እስቲ አረፍ በሉ፤ ወንበሩን ወደዚህ ሳብ አድርጉት። ጆሮዬ እንጂ ድምፄ ገና አልደከመም፤ ቢሆንም ጠጋ ስትሉልኝ ደስ ይለኛል። የጎረቤቴን የኔልዳን ነገር ልንገራችሁ። ረጅም አይደለም።

"ትንሽ ወደ ግራ… አይ፣ ወደ እርስዎ ግራ!" አለች ኔልዳ፣ ኮረብታው ላይ ሣሩ ውስጥ ተንበርክካ።

አጎት ኦርቪል ተጣጣፊ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ከኔልዳ መታጠቢያ ቤት የተነቀለውን መስተዋት ጭናቸው ላይ አቁመው፣ የጠዋቷን ፀሐይ ወደ ድንጋዩ ለመመለስ ይታገላሉ። የሟች ባሏ አጎት ናቸው።

"በሰማንያ አራት ዓመቴ ግራዬ የት እንደሆነ እኔም ጠፍቶኛል" አሉ። "ለምን በጣትሽ አትዳስሺውም?"

"ዳስሼዋለሁ። የድንጋይ ሽበት በልቶታል። ብርሃን ከጎን ሲመታው ነው ፊደሉ ጥላ የሚጥለው።"

"እናንተ ፕሩዊቶች በቁማችሁም ታደክማላችሁ፣ ሞታችሁም ታደክማላችሁ። ይሄኔ እኮ ሰው ሁሉ ዶሮ እየጠበሰ ነው።"

"ምሳው ሰባት ሰዓት ነው። ዶሮው አያመልጥዎትም።"

ቅዳሜ ነበር፤ የፕሩዊት ቤተ ዘመድ በዓመት አንዴ የሚገናኝበት የጁን ቅዳሜ። ጆሳያ ፕሩዊት ሚስቱን ኬዚያን በበቅሎ አስቀምጦ፣ ከቨርጂኒያ ተራራውን ተሻግሮ እዚህ ኬንታኪ ወንዝ ዳር ከሰፈረ ሁለት መቶ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። ባልና ሚስቱ ያረፉት በዚሁ ኮረብታ ላይ ነው። ኔልዳ አባቷ ፕሩዊት ስለሆነ አርባ ዓመት ሐረጋቸውን ስትቆጥር ኖራለች። በበጋ ዕረፍት፣ የምትነዳውን የትምህርት ቤት አውቶቡስ ካቆመች በኋላ፣ ሌላው ሰው ሐይቅ ዳር ሲዝናና እሷ በየፍርድ ቤቱ ምድር ቤት አቧራ ስትውጥ ነበር የምትከርመው።

ከሐረጉ ሁሉ የምትወዳት የጆሳያን ልጅ ታቢታን ነው። ልደቷን፣ ማርች 1796፣ ከአንድ አሮጌ ማስታወሻ አገኘች። ሞቷን፣ 1888፣ ከመቃብሯ ድንጋይ አገኘች። የመጨረሻ ልጇን በ1847 ስለወለደች፣ "የፕሩዊት ሴት በሃምሳ አንድ ዓመቷ ትወልዳለች" የሚለው ቀልድ በየሠርጉ የሚነሳው ከዚያ ወዲህ ነው። ኔልዳ ራሷ በሠላሳ አምስት ዓመቷ ሴት ልጅ ስትወልድ፣ "ዘጠና ሁለት ዓመት የኖረች ሴት ስም ነው፤ ዕድሜ አለው" ብላ ታቢታ አለቻት።

ልጅቷ በአሥራ ሰባት ዓመቷ ሞተች። ጭጋግ በሸፈነው መንገድ፣ ከአይስክሬም ቤት ሥራዋ ስትመለስ፣ የጓደኛዋ መኪና ገደል ገባ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆነው።

ሐሙስ ዕለት ግን ሚዙሪ ካለች የሩቅ ዘመድ ፖስታ መጣ። ውስጡ የቤተሰቡ ልደትና ሞት ይጻፍበት ከነበረው ከኬዚያ መጽሐፍ ቅዱስ የተነሳ የአንድ ገጽ ቅጂ ነበር። ኔልዳ ገጹን እንደገና ከኪሷ አወጣችው። ታቢታ፣ ማርች 1796 ተወለደች፤ ኦገስት 1799 ሞተች። ከሥር፣ በዚያው እጅ፦ ታቢታ፣ ኖቬምበር 1800 ተወለደች።

"እንደዚያ!" አለች በድንገት። "እንደዚያ ያዙት፤ አይንቀሳቀሱ!"

ከኬዚያ መቃብር አጠገብ ያለችው፣ ቁራሽ ዳቦ የምታህለው ድንጋይ ላይ ብርሃኑ ተጋደመ። ኔልዳ የወንዝ ድንጋይ ናት ብላ አርባ ዓመት ያለፈቻት ድንጋይ ናት። ሁለት ፊደላት ወጡ፤ የታቢታና የፕሩዊት መነሻ። ከሥራቸው 1799።

"አለች?" አሉ ኦርቪል።

"አለች።" ኔልዳ መዳፏን ድንጋዩ ላይ አሳረፈች። "የአንዷን ልደት ከሌላዋ ሞት ጋር ሰፍቼ አንድ ሰው ሠራሁ። ይቺን ልጅ አርባ ዓመት ሙሉ ከእናቷ ነጠቅኳት፣ አጎቴ።"

"ታዲያ በሃምሳ አንድ ዓመቷ አልወለደችማ!"

"በአርባ ስድስቷ ነው።"

"ቀልዳችንንም ገደልሽው።" ኦርቪል መስተዋቱን ቀስ ብለው ሣሩ ላይ አስተኙት። ቆይተው፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ፣ "በራስሽ አትፍረጂ። ያኔ ልማድ ነበር፤ ልጅ ሲሞት ስሙን ቀጥሎ የመጣው ይወርሰዋል። እኔም ሁለተኛው ነኝ" አሉ።

"ምን ሁለተኛው?"

"ሁለተኛው ኦርቪል። የመጀመሪያው በአምስት ዓመቱ በጉሮሮ በሽታ ሞተ። እኔ በዓመቱ መጣሁ። ስሙም ነበር፣ ልብሱም ነበር፣ አልጋውም ነበር።"

ኔልዳ ዞር ብላ አየቻቸው። ሃምሳ ዓመት ስታውቃቸው ይህን ሰምታ አታውቅም።

"እናቴ ክፉ አልነበረችም፤ ክፉ ቃል ተናግራኝ አታውቅም" አሉ ኦርቪል። "ግን 'ኦርቪል!' ብላ ስትጣራ እየሮጥኩ እደርሳለሁ። እኔን አይታም ዓይኗ ከበሩ አይነሳም። ሌላ የሚመጣ ያለ ይመስል።"

"እርስዎስ ምን ያደርጉ ነበር?"

"ምን አደርጋለሁ፣ ፈጥኜ መሮጥ ለመድኩ። ቶሎ ከደረስኩ የምትጠብቀው እኔን የሚሆን ይመስለኝ ነበር።" አፍንጫቸውን በመሐረብ ጠረጉ። "በይ አንሺኝ። ዶሮ ሲበርድ ኃጢአት ነው።"

ከኮረብታው ሥር ባለው ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ሴቶቹ የተሸፈኑ ድስቶችን ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ እየደረደሩ ነበር፤ በአሳማ ሥጋ የተቀቀለ ፎሶሊያ፣ የበቆሎ ዳቦ፣ ሦስት ዓይነት የድንች ሰላጣ። የኔልዳ የዘር ሐረግ፣ በሥጋ ቤት ጥቅል ወረቀት ላይ ተጽፎ፣ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ተለጥፏል። እሷም እስክሪብቶዋን ይዛ በቀጥታ ወደዚያው ሄደች፤ ከምሳ በፊት ልታርመው።

ልጇ ዌስሊ እዚያው አገኛት። አርባ ዓመቱ ነው፤ እንደ አባቱ ትከሻ ሰፊ፣ እንደ አባቱ ቃል ቆጣቢ። ሚስቱ ሼልቢ የስምንት ወር ሆዷን በሁለት እጇ ደግፋ አጠገቡ ቆማለች።

"እማ፣ ምሳው ላይ ተነስቼ የምናገረው ነገር አለ። ግን መጀመሪያ አንቺ ስሚው" አለ። "ልጅቷን… ታቢታ ልንላት ነው።"

ብሎም ፈገግ አለና ጠበቀ። ኔልዳ የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘች።

"ደስ አላለሽም?"

"ልጄ…"

"ስሙ እቤታችን እንደገና እንዲጠራ ብዬ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ማናችንም ጮክ ብለን ጠርተነው አናውቅም እኮ።"

እውነቱን ነው። ኔልዳም እውነቱን እንደሆነ አወቀች፤ ስለዚህም ለመናገር ከበዳት።

"ስጠራት ዓይኔ ወደ በሩ ይሄዳል፣ ዌስሊ። እንዳይሄድ ብይዘውም ይሄዳል። ያቺ ሕፃን ደግሞ ይህን ታያለች። ሌላ ስም ስጧት።"

ዌስሊ ፊቱ ሳምባ መሰለ። "ይቅር አላልሽኝም ማለት ነው።"

"ስለ ምኑ?"

"እማ፣ ያን ቀን ላመጣት የነበረው እኔ ነበርኩ። ጠብቂኝ ብያት… ከልጆቹ ጋር ኳስ ይዞኝ ቀረሁ።"

"አውቃለሁ።"

"ምኑን ነው የምታውቂው?"

"የአይስክሬም ቤቱ ሴትዮ በቀብሩ ቀን ነገረችኝ። እህትህ ሽርጧን አጣጥፋ ግማሽ ሰዓት በሩ ላይ ጠብቃሃለች። ከዚያ ከጓደኛዋ ጋር ተሳፈረች።"

ከጠረጴዛው ማዶ አንዲት ሴት ማንኪያ አነሰ ብላ ትጮሃለች፤ ሌላዋ ትስቃለች። ዌስሊ እንደ ልጅ አፉን በመዳፉ ሸፈነ።

"አሥራ ዘጠኝ ዓመት አውቀሽ ዝም አልሽ?"

"ብናገረው የምሰብርህ መስሎኝ ነው። አልተናደድኩብህም ብዬ አልዋሽህም። የመጀመሪያውን የብርድ ወራት ፊትህን ማየት አቅቶኝ ነበር። ከዚያ ግን አለፈልኝ። ማለፉን አልነገርኩህም፤ ጥፋቱ የኔ ነው።" ክንዱን ያዘችው። "ይቺ ልጅ ካሣ አይደለችም። ሳትወለድ ሥራ አትስጣት።"

ዌስሊ ፊቱን በእጅጌው ጠረገ። ሼልቢ ይሄን ሁሉ ጊዜ ፊቷን ወደ ወረቀቱ አዙራ፣ እንባዋን ለመደበቅ ይሁን ለማንበብ እንጃ፣ ጣቷን በመስመሩ ላይ ታንሸራትት ነበር። እናትና ልጅ መሐል ምራት ምን ትላለች።

"እማማ" አለች በመጨረሻ፣ ፈራ ተባ እያለች። "የታቢ ልደቷ ብቻ ነው እዚህ ያለው። የሞተችበት… አልጻፉትም?"

ኔልዳ ቀና ብላ አየች። ወረቀቱ ላይ ከአራት መቶ በላይ ሰዎች አሉ፤ የሞቱት ሁሉ ቀናቸው ተጽፏል፣ ሌላው ቀርቶ በወሊድ የሞቱትና በጦርነት የቀሩት። ከሷ ልጅ ልደት ቀጥሎ ያለው ግን ነጭ ወረቀት ነው። በየዓመቱ ሐረጉን እንደገና ስትገለብጥ በየዓመቱ ትዘለው ነበር።

"አልቻልኩም" አለች።

"ወንበር ላምጣልዎት?"

"አይ፣ ልቁም።"

መጀመሪያ ወደ ላይ ተንጠራርታ፣ ከጆሳያና ከኬዚያ ሥር አዲስ መስመር አሰመረች። ታቢታ፣ 1796 እስከ 1799 ብላ ጻፈች። ከጎኗም የሁለተኛዋን ልደት አረመች። ከዚያ ወደ ታች ወረደች፤ የልጇ ስም ጋ ስትደርስ እጇ ቆመ።

አጎት ኦርቪል የዶሮ እግር በሳህን ይዘው ከኋላ መጡ። ሦስቱንም አዩዋቸውና፣ ቀልዳቸውን ውጠው፣ ሰው እንዳይጠጋ ጀርባቸውን ሰጥተው ቆሙ።

"ዌስሊ" አለች ኔልዳ። "ቀኑን ጥራልኝ። እኔ እጽፈዋለሁ።"

ዌስሊ ወደ ወረቀቱ ተጠጋ።

"ታቢታ" አለ መጀመሪያ፣ በዙሪያው ያሉ ሁሉ እንዲሰሙት ጮክ ብሎ። ሴቶቹ ድስታቸውን ይዘው ዞር አሉ። "ታቢታ። ኦክቶበር አሥራ አራት።" ዓመቱን ሲጠራ ድምፁ ተሰበረ። ኔልዳም ፊደሉን አንድ በአንድ፣ ሳትቸኩል፣ እስከ መጨረሻው ቁጥር ጻፈችው።

ዌስሊ ምሳው ላይ አልተነሳም። ከእናቱ አጠገብ ተቀምጦ በላ፤ በላ ከተባለ።

ልጅቷ በጁላይ ተወለደች። ስሟን አልነግራችሁም፤ ስታገኟት ራሷ ትንገራችሁ። ፈጣን ልጅ ናት፤ ግን ሲጠሯት አትሮጥም፣ ቀስ ብላ ነው የምትመጣው።

እናንተን የምለምነው አንድ ነገር ነው። ወደ ቤታችሁ ስትሄዱ ያቺን የሦስት ዓመት ልጅ፣ የኬዚያን የመጀመሪያዋን፣ አስቧት። ስሟ እንኳ አብሯት አልተቀበረም። ቢያንስ እኛ ነበረች እንበል።