የአስተማሪው ፍሬን

ጋሽ ፍሬን መኪናውን ማሞገስ ከጀመረ ማቆሚያ የለውም። ዕድሜ ልኩን ሰው መንዳት ያስተማረባት ትንሽ መኪና ናት፤ ኋላዋ ቁርጥ ያለ በመሆኑ ሰፈሩ «ጅራተ ቆራጣ» ይላታል። እሱ ግን ነገሩን ለቅናት ይቆጥረዋል። መብራቷ እንደ ሕፃን ዓይን ክብ፣ ወንበሯ ወገብ ደጋፊ፣ መሪዋ በጣት የሚዞር! ጡረታ ከወጣ ወዲህ ደግሞ አዲስ ሙያ አገኘላት። «ሐሳቤን ታውቃለች፤ እግሬ ፍሬን ሳይነካ ቀጥ ትላለች» ይላል አፉን ሞልቶ።

ምስኪን። ዓይኑን ጉም ነገር ከጋረደው ከርሟል፤ ለማንም ትንፍሽ አላለም። መንዳት ካቆመ ሰው መሆኑም ያበቃ ይመስለዋል። ደግሞስ ጉልበቷ ያበጠውን ሚስቱን ማን ሐኪም ቤት ያደርሳታል? አውቶቡስ ላይ መውጣት አትችልም። «እኔ እያለሁልሽ እግር ምን ያደርግልሻል?» እያለ ያሾፍባታል።

የዚያን ቀን ሐኪሙ ጉልበቷን ጫን ጫን አድርጎ አየና ፊቱን አጨማደደ። «እማማ፣ ይሄ እግር እኮ ማረፍ ነበረበት። ምን እየሠሩበት ነው?»

«ምንም» አለች፣ የነጠላዋን ጫፍ እየጠቀለለች።

«ከደጅ እስከ ደጅ በመኪና ነው የማመላልሳት» አለ ጋሽ ፍሬን፣ እንደተወቀሰ ሰው ቅር ብሎት።

ሲመለሱ መንገዱ ጭር ያለ መሰለው። ድንገት መኪናዋ ቀጥ አለች። ልጅ ያዘለች ሴት ከአፍንጫቸው ሥር አለፈች፤ እሱ ያያት ካለፈች በኋላ ነው። «አየሽልኝ ይቺን መኪና?» ሊል ወደ ሚስቱ ዞረ።

ጥርሷን ነክሳለች። ጫማዋን አውልቃ ያን ያበጠ እግሯን ሁለተኛው ፍሬን ላይ ተክላዋለች። ተማሪ ሲሳሳት ከጎን ሆኖ ራሱ ይረግጠው የነበረው የአስተማሪ ፍሬን ነው፤ ጡረታ ሲወጣ ዛሬ ነገ እያለ ሳያስነቅለው ቀረ።

«ከመቼ ጀምሮ?» አለ።

«ከክረምቱ ወዲህ። ቀስ ብለህ ስትነዳ ብዙም አያመኝም።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምን ቀርቶህ መንዳቱንም ልቀማህ?»

ጉልበቷን ሊያሳክም ሲያመላልሳት ለካ ሲጨርሰው ከርሟል። ሞተሩን አጠፋና ቁልፉን ዘረጋላት። ወዲያው መንዳት እንደማትችል ትዝ አለው፤ በወጣትነቷ አስተምረኝ ብላ ለምናው ነበር። «ሚስቴን አስተምሬ ትዳሬን ላፍርስ?» ብሎ ስቆባት አለፈ። የከተማው ግማሽ በሱ እጅ ተምሮ መንጃ ፈቃድ ሲያወጣ እሷን ብቻ ነፈጋት።

ከኋላቸው ክላክስ ይጮኻል። ቁልፉን ተቀብላ ጭኗ ላይ አኖረችው።

«ትንሽ እንረፍና ትነዳለህ። እኔ አይልሃለሁ» አለችው።

ጋሽ ፍሬን መሪው ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። እሷ በአንድ እጇ ጀርባውን ታሻሻለች። መኪናዋ ጠፍታም እግሯ ከፍሬኑ አልተነሳም።