ደረጃ ላይ የሚጮኸው ሰውዬ

ቶርላይፍ ከባሕር ላይ የነዳጅ ማውጫው ከተባረረ ወዲህ ቤቱ ሰላም የለውም። ሰውየው ዕድሜውን ሙሉ ሁለት ሳምንት ባሕር ላይ፣ አራት ሳምንት ቤት መሆን ነው የለመደው። የነዳጅ ዋጋ ወርዶ ኩባንያው ግማሹን ሠራተኛ ሲያሰናብት ግን ጠቅልሎ ሳሎን ገባ። ገብቶስ ዝም ቢል ጥሩ! ሚስቱ ጉንቮር የልብስ ቅርጫት አቅፋ ደረጃ በወረደች ቁጥር «መደገፊያውን ያዢ!» ብሎ ይጮኻል። ባሕር ላይ ሕጉ ይሄ ነው፤ እጁን ከደረጃው መደገፊያ ያነሳ ሰው፣ አለቃም ቢሆን ይጮኹበታል። ቤት ውስጥ ግን ያበሽቃል።

ታዲያ አንድ የሳልሞን ዓሣ እርባታ ለሥራ ቃለ መጠይቅ ሲጠራው፣ ከእሱ ይልቅ የፈነደቀችው ጉንቮር ናት። ከተማቸው ስታቫንገር ሥራ ፈላጊ እንደ አሸን ፈልቶባት፣ ስንት ቦታ አመልክቶ የጠራው ይሄ ብቻ ነው። ይሄ ካመለጠ ቤቱን ሸጠው ወደ ኦስሎ መሰደዳቸው ነው።

መኪናውን የነዳችው ልጁ ሲኖቭ ነበረች።

«አባዬ፣ በናትህ፣ እዚያ ስለ ደረጃ ትንፍሽ እንዳትል።»

«እኔ መቼ ተንፍሼ አውቃለሁ?»

«ጠዋት ድመቷ ላይ ጮኸህ የለ እንዴ!»

«እየሮጠች ነበራ የወረደችው።»

ሲኖቭ የእርባታው ቢሮ ደረጃ ሥር ቁጭ ብላ ጠበቀች። ፎቅ ላይ ሳቅ ሲሰማ ተመስገን አለች። ትንሽ ቆይቶ አባቷ መደገፊያውን ጭምቅ አድርጎ ይዞ መውረድ ጀመረ። የእርባታው አለቃ ቶርዲስ ከኋላው አለች፤ በአንድ እጇ ቡና፣ በሌላው ስልክ፣ ዓይኗም ስልኩ ላይ።

አባቷ ዞር ብሎ ሲያያትና አንገቱ ሲቀላ ሲኖቭ አየች። «ተው» ብላ ራሷን ነቀነቀችለት። ከንፈሩን ነከሰ። አንድ ደረጃ ወረደ፣ ሌላም ጨመረ፣ ከዚያ...

«መደገፊያውን ያዙ!»

ሕንፃው ተናጋ። ቡናው ሸሚዟ ላይ፣ ስልኩ እየተንከባለለ ሲኖቭ እግር ሥር። በቃ፣ ኦስሎ ገባን፣ አለች ሲኖቭ በልቧ።

ቶርዲስ ግን ሁለት እጇ መደገፊያው ላይ ተጣብቋል። የገዛ እጇን አይታ በሳቅ ፈነዳች።

«እኔም እኮ ከነዳጁ ተባርሬ ነው የመጣሁት! እጄ ራሱ ሄዶ ያዘ፣ አየህ?»

«ይቅርታ፣ ከአፌ አመለጠኝ።»

«እዚህ እንዳንተ ያሉ አራት አሉኝ፤ ቀኑን ሙሉ ሲጮኹብኝ ይውላሉ። አምስተኛ አልቀጥርም ብዬ ምዬ ነበር።» ሸሚዟን በእጇ ጠራረገች። «በል ሰኞ ና። አሁን ግን ስልኬን አንሳልኝ።»

ቤት ሲደርሱ ጉንቮር አንገቱ ላይ ተጠመጠመች።

«ታዲያ መቼ ትሄዳለህ? ሁለት ሳምንት ነው ወይስ ሦስት?»

«ኧረ ይሄ የብስ ላይ ነው! ጠዋት እወጣለሁ፣ ማታ እገባለሁ።»

የጉንቮር ክንድ ቀስ እያለ ላላ።

«በየማታው?» አለች።