ያልተቃወመ ተስማማ

ቡላክ ላይ አንድ ሕግ አለ። ማንም ሰው አንድ ነገር እንዲጨመር፣ እንዲለወጥ ወይም እንዲጠፋ ከፈለገ ሐሳቡን ሸንጎ በሚባለው ገጽ ላይ ይለጥፋል። ሳምንት ይጠበቃል። በሳምንቱ ውስጥ አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ «እቃወማለሁ» ብሎ ከጻፈ ነገሩ ይቆማል። ማንም ካልጻፈ ሁሉም እንደተስማማ ተቆጥሮ ይፈጸማል።

ሕጉን ያወጣችው አይምካን ናት። ቡላክ ማንኛውም ኪርጊዝ በነጻ የሚያነበው የኢንተርኔት መዝገበ ዕውቀት ነው፤ በኪርጊዞች አገር፣ ናሪን ከተማ ውስጥ እሷን ጨምሮ ሦስት ሰዎች ጀመሩት፣ ቀስ በቀስ በበጎ ፈቃድ የሚጽፈው ሰው ሰባ ደረሰ። ሰባ ሲባል ብዙ ይመስላል። ጻፉ ሲባሉ ይጽፋሉ፤ አስተያየት ስጡ ሲባሉ ግን ሁሉም የሌላውን አፍ ያያል። የናሪን ሰው ፊት ለፊት «አይሆንም» ከሚል በግ ቢያርድ ይቀለዋል። የጂኦግራፊ አስተማሪ የነበረችው አይምካን መልስ መለመን ሲሰለቻት «እንግዲያው ያልተቃወመ ተስማማ ይባል» አለች። ይህንንም ማንም አልተቃወመም።

ባሏ ጁማቤክ ፈረስ ዐዋቂ ነበር። መጻፍ አይወድም፤ ማውራት ይወዳል። እሱ ሲያወራ እሷ በስልኳ ትቀዳለች፣ የቀዳችውን ቡላክ ላይ ትጭናለች። የፈረስ ዕድሜ በጥርሱ እንዴት እንደሚታወቅ፣ ላብ ያጠመቀው ፈረስ ለምን ወዲያው ውሃ እንደማይሰጠው፣ የቆዳ ቀለሞች ስም፤ ያን ሁሉ በዚያ ጎርናና ድምፁ ይናገራል። መሐል ላይ ይስላል፣ «አንቺ ሴትዮ፣ አታቋርጪኝ» ይላል፣ የጎረቤቱን ባዝራ ይሳደባል። አይምካን ከጫነች በኋላ ስልኳ እንዳይሞላ ከዚያ ታጠፋዋለች። ቡላክ እያለ ምን ይጠፋል ብላ ነው። ቡላክ ላይ የሚጽፉ ሁሉ እንደዚያ ያስባሉ፤ ለጋራው የሰጡት ነገር ከገዛ ቤታቸው ይልቅ እዚያ የሚጠበቅ ይመስላቸዋል።

ጁማቤክ በመጋቢት ሞተ። ግቢ ውስጥ ነጩ የሱፍ ድንኳን ተተከለ፣ ፈረስ ታረደ፣ አይምካንም ጥቁር ለብሳ ፊቷን ወደ ድንኳኑ ግድግዳ አዙራ እያለቀሰች ሙሾ አወረደች። ሰባውም የቡላክ ሰው ሸንጎው ላይ አጽናኝ ቃል ጻፈ። እሷ ግን እስከ አርባው ኮምፒውተር አልከፈተችም።

ከአርባው በኋላ የከፈተችው ለሌላ ነገር አልነበረም፤ ድምፁን ልትሰማ ነው። የመጀመሪያውን ቅጂ ነካች። «ፋይሉ የለም» አላት። ሁለተኛውን ነካች። እሱም የለም። አንድም አልቀረም። ወደ ሸንጎው ሄዳ ስትፈልግ፣ ከሐዘን መግለጫዎቹ ሥር «የማከማቻ ጽዳትን በተመለከተ» የሚል ጽሑፍ አገኘች። የጻፈው ኤርሜክ ነው። ከሦስቱ ጀማሪዎች አንዱ፣ ድሮ ክፍሏ ውስጥ የፊት ወንበር ላይ ይቀመጥ የነበረ ተማሪዋ፣ አሁን ደግሞ ከእሷ ጋር ገጽ ለመሰረዝ የሚያስችለውን የቡላክን ቁልፍ የሚይዝ ሰው። ሦስተኛው ጀማሪ ሩሲያ ለሥራ ከሄደ ወዲህ ወሬውም አይሰማ። ጽሑፉ አሰልቺ ነበር፤ ዋናው ነገር ሦስተኛው አንቀጽ ውስጥ ተቀብሯል። በታተመ መጽሐፍ ያልተደገፉ የድምፅ ቅጂዎች ይሰረዙ ይላል። ከሥሩ ባዶ ነው።

ደወለችለት።

«ኤርሜክ፣ የጁማቤክ ድምፅ የት ሄደ?»

«ኤጄ፣ አላህ ያጽናዎት። እንዴት ሰነበቱ?» ኤጄ እትዬ እንደማለት ነው፤ ከተማሪነቱ ጀምሮ እንዲህ ነው የሚጠራት።

«ድምፁን ነው የጠየቅሁህ።»

«ማከማቻው ሞልቶ ነበር እኮ። ሸንጎ ላይ ለጥፌዋለሁ፤ ሳምንት ቆየ፤ አንድም ሰው አልተቃወመም።»

«እኔ የት እንደነበርኩ አታውቅም?»

«አውቃለሁ እንጂ፤ ለቅሶም ደርሻለሁ። ግን ኤጄ፣ ሥርዓቱን ተከትዬ ነው። ሥርዓቱን ያወጡት ደግሞ እርስዎ ነዎት።»

«ቅጂ አላስቀረህም?»

«ጽዳት ነው ኤጄ። ቅጂ ከተቀመጠ ምኑን ጸዳ?»

ደህና ዋል ብላ ስልኩን አስቀመጠች። አልጮኸችም፣ አልረገመችውም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ የወጋው ኤርሜክ ግን እንደወጋ እንኳ አላወቀም ነበር፣ ይህ ነው ከሁሉም በላይ ቆሽቷን ያሳረረው።

ፀደዩን ሙሉ እንደ ድሮዋ ሠራች። አዲስ የሚመጡ ጸሐፊዎችን ተቀበለች፣ የተሳሳተ አረመች፣ ለኤርሜክም ሲጠይቃት በትሕትና መለሰች። «ኤጄ በርታ ብለዋል» እያለ ለሰው ይናገር ነበር፣ የዋህ። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል፤ አይምካን ግን ሳሏን አፍና መያዝ ታውቅበታለች።

በሐምሌ ኤርሜክ ሸንጎው ላይ ማስታወቂያ ለጠፈ። «ወደ ጃይሎ፣ አባቴ ዘንድ ልወጣ ነው። ተራራው ላይ ኔትወርክ የለም። ጉዳይ ያለው ኤጄን ይጠይቅ።» ሐምሌ እዚያ አገር በጋ ነው፤ በየበጋው መንጋውን ተከትሎ ጃይሎ ወደሚባለው የተራራ ግጦሽ ይወጣል፤ ደግሞም ማን በበጋ ጃይሎ የማይወጣ አለ? አይምካን በማግስቱ «የቁልፍ አያያዝን በተመለከተ ጥቃቅን ማስተካከያ» የሚል ጽሑፍ ለጠፈች። የሱን አጻጻፍ አንድም ሳታስቀር ቀዳችው፤ ያው መግቢያ፣ ያው ማሰልቸት። ሦስተኛው አንቀጽ ውስጥ የኤርሜክ ቁልፍ ይነጠቅ፣ ሥልጣኑም ይሻር ብላ ጻፈች።

ሳምንቱን እንዴት እንዳሳለፈችው እሷ ታውቃለች። ሻይ አፍልታ ሳትጠጣው ይቀዘቅዛል፤ በጓሮ ድንች እየኮተኮተች በመሐል እጇን ቀሚሷ ላይ ጠርጋ ትገባና ገጹን ታያለች። አንድ ሰው ይጽፍ ይሆናል ብላ ፈራች። ማንም አልጻፈም። ሳምንቱ ሲሞላ ቁልፉን ነጠቀችው።

ኤርሜክ ከጃይሎ እንደወረደ በቀጥታ የመጣው እሷ ቤት ነው። የኩበት ጭስ ጭስ ይሸታል፣ አንድ ትልቅ ጠርሙስ የኮመጠጠ የባዝራ ወተት ታቅፏል። አይምካን ግባ አላለችውም። ሰው ዳቦ ሳይቀምስ ከደጅ አይመለስምና ዳቦውን ይዛ ወጥታ ደፉ ላይ ቆመች።

«ኤጄ፣ ቡላክ አላስገባ አለኝ።»

«ሸንጎ ላይ ተለጥፎ ነበር። ሳምንት ቆየ። አንድም ሰው አልተቃወመም።»

«እኔ እኮ ጃይሎ ነበርኩ! እርስዎም ያውቃሉ።»

«አውቃለሁ እንጂ። ሥርዓቱን ተከትዬ ነው።»

ፊቱ ቀላ። ጠርሙሱን መሬት ላይ አስቀመጠው።

«ስለ ጁማቤክ ባይኬ ነው አይደል?» አለ፤ ባይኬ ጋሼ እንደማለት ነው።

«ዳቦውን ቅመስ።»

ቆርሶ ቀመሰ። «መጀመሪያ ፈረስ ላይ ያወጡኝ እሳቸው ናቸው» አለ። «አላሰብኩትም ኤጄ። ፋይል ብቻ ነበር የታየኝ።»

«እንግዲያው አሁን አስበው። ሥራ የለህም፣ ጊዜ አለህ።»

በሩን ዘጋችበት። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ፤ ከመጋቢት ወዲህ ሻይ የጣፈጣት የዚያን ቀን ነው። ኤርሜክ አፍሮ ወደ ተራራው ተመለሰ አሉ።

ጣዕሙ ግን አልቆየላትም። ያበላሸችው አናርኩል ናት። አናርኩል ከመንገዱ ማዶ የምትኖር የድሮ የሥራ ባልደረባዋ ናት፤ ቡላክ ላይ ስለ ምግብ ትጽፋለች። ልትጠይቃት መጥታ ሻይ ይዛ እየሳቀች ተቀመጠች።

«አንቺ ሴትዮ፣ ልጁን ከሥሩ ነቀልሽው አይደል?»

«ጽሑፉን አይተሽው ነበር?»

«ሁላችንም አየነው እንጂ። ሦስተኛው አንቀጽ ውስጥ መደበቅሽ ነው ያሳቀን። በዋትስአፕ ስንቀባበለው ነበር።»

«ታዲያ ምነው አንድ ሰው ያልጻፈ?»

«በሚራገጡ ፈረሶች መሐል ማን ይገባል? ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም።»

አይምካን ማንኪያዋን አስቀመጠች። «የመጋቢቱንስ? የእሱን ጽሑፍ?»

አናርኩል ሳቋን አቆመች።

«ያኔ እኮ እዚሁ ግቢሽ ነበርኩ» አለች። «ለለቀስተኛው የቦርሶክ ሊጥ እየጠበስን ስልኬ ጮኸ፤ አየሁት። ልጽፍ ነበር። እጄ ዘይት ነው፣ ሌላ ሰው ይጽፋል አልኩ።»

«ሌላውስ አይቷል?»

«ማን ያላየ አለ፣ አይምካን። ሁሉም እንደ እኔ አስቦ ይሆናል።»

ድንኳኑ ውስጥ ሙሾ እያወረደች፣ ከሱፉ ግድግዳ ውጭ ዘይቱ ሲንጫጫ ትሰማ ነበር። ከዚያ ዘይት አጠገብ ቆሞ ያየ ሰው ነበረ። አንድ ቃል የጁማቤክን ድምፅ ያድን ነበር፤ ሰባ ሰው አንዲት ቃል ነፈጋት። ኤርሜክስ ቢያንስ በስሙ ነው የጻፈው። እነዚህ ግን እጃቸውን ሳያቆሽሹ አብረው ቀበሩት፣ ከዚያም «አላህ ያጽናሽ» አሏት። አናርኩልን እስከ በር ሸኘቻት፤ ደህና እደሪም አላለቻትም።

የዚያኑ ቀን ሸንጎው ላይ ለጠፈች። አሁን አልደበቀችም። ርእሱ «ቡላክ ይዘጋ» ይላል። ከሥሩ፦ «ገጾቹ ሁሉ እስከ መጨረሻው ይሰረዙ። ቅጂ አይቀመጥም። አይምካን።»

ማስፈራሪያ አልነበረም። ቁልፉን የያዘችው እሷ ብቻ ናት፣ ልታደርገው ነው። ሰባውም ለዓመታት የለፋበት ነገር አለው፤ የአያቱን ተረት ያስቀመጠ አለ፣ የመንደሩን ምንጮች አንድ በአንድ የመዘገበ አለ። ሲጠፋ ምን እንደሚመስል ይቅመሱት አለች። እኔም ቀምሼዋለሁ አለች።

ሳምንቱ መሄድ ጀመረ። ማመን ያቃታት ነገር፣ ሰዎቹ ሥራቸውን አላቋረጡም። አንዱ ነጠላ ሰረዝ ያስተካክላል፣ ሌላው ፎቶ ይጨምራል፣ አናርኩል ስለ ኑድል አዲስ ገጽ ጻፈች። ሊፈርስ ቀን በተቆረጠለት ቤት ውስጥ ግድግዳ ይቀባሉ። ሸንጎው ላይ ግን አንድም ቃል የለም። መቼም የምሯን አይደለም ያሉ ነበሩ፤ የምሯን ነው ያሉትም ሌላ ሰው ይጽፋል ብለዋል። አይምካን በየቀኑ ጥላቻዋ እየጠነከረ ሄደ፤ እውነቱን ለመናገር ደግሞ በየቀኑ ፍርሃቷም አብሮ ጨመረ።

የመጨረሻው ቀን ከሰዓት በኋላ ሻሿን አስራ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠች። መሰረዣውን ከፍታ እጇን ልትሰነዝር ስትል ከጽሑፏ ሥር አንድ መልስ ወጣ። ጸሐፊው ቁልፍ የለውም፣ ሥልጣን የለውም፤ እንደ ማንኛውም ጀማሪ አዲስ ስም አስመዝግቦ ነው የገባው።

«እቃወማለሁ። የጁማቤክ ባይኬን ድምፅ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ያኔ አንድ ሰው ቢቃወመኝ ኖሮ ዛሬ እንሰማቸው ነበር። ኤርሜክ፣ ከመንገዱ ዳር።»

መንገዱ ዳር ማለት ኔትወርክ እስኪያገኝ ድረስ ከጃይሎ በፈረስ የግማሽ ቀን ቁልቁለት ወርዷል ማለት ነው፤ ወሬውን ከተማ ደርሶ የተመለሰ እረኛ ነግሮት ይሆናል። አይምካን ጠረጴዛውን በመዳፏ መታችው። ከሰባ ሰው መሐል እሱ። ከሁሉም እሱ። እንዲህ ያለ ነገር ከእሱ እጅ መቀበል ከመጋቢቱ ባልተናነሰ መረራት፤ ያም ሆኖ መሰረዣውን ስትዘጋው እንባዋ ወረደ። በንዴት ነው ያለቀስኩት ብላ ለራሷ ነገረች።

ተቃውሞ ሲመጣ ሐሳቡን ያቀረበው ሰው መልስ መስጠት አለበት። ሕጉ ነው። እንዲህ ብላ ጻፈች፦

«ተቃውሞው ደርሶኛል። ቡላክ አይዘጋም። ኤርሜክ፣ ይቅር አላልኩህም። ቁልፍህን ግን መጥተህ ውሰድ።»

ወዲያው የሸንጎው በር ተከፈተ። «እኔም ልጽፍ ስል ነው» አለ አንዱ። «የሁላችንም ሐሳብ ይኸው ነበር» አለ ሌላው። የልብ ሥዕል የላከ አለ፣ ያመሰገነ አለ፣ አናርኩል ስለ ወዳጅነት ረጅም ነገር ጻፈች። አይምካን ሻይዋን ቀድታ ሁሉንም ከነስማቸው አንድ በአንድ አነበበች። ለአንዳቸውም አልመለሰችም።